ጉልበቱ ጨመረ፤ ድምፁስ የት ሄደ?

አንድ ኩባንያ የለመዱትን ዕቃ በሁሉም መለኪያ አሻሽሎ ቢያቀርብልዎ ምን ይላሉ? ጉልበቱ ጨምሯል፣ በወረቀት ላይ የሚፈጀው ነዳጅ ቀንሷል፣ ፍጥነቱም ከቀድሞው በልጧል። «እሰይ፣ እጃችሁ ይባረክ» ቢሉ ማንም አይታዘብዎትም። የስፖርት መኪና አፍቃሪዎች ግን እንዲህ ያለ ስጦታ ሲቀርብላቸው ብዙዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። የአውሮፓ ታላላቅ አምራቾች ትልልቅ ሞተሮቻቸውን እያነሱ በምትካቸው አነስ ያሉና ቱርቦ የተገጠመላቸውን ሲያመጡ፣ የጠበቃቸው ጭብጨባ ብቻ አልነበረም። አንዳንዱ ምላሽ ለቅሶ ይመስል ነበር።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ይህ ታሪክ የሚስበኝ የመኪና ነገር በመሆኑ ብቻ አይደለም። ደንበኛ የሚገዛው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው ወይስ በቁጥር የማይገለጽ ሌላ ነገር? ለዚህ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ብዙ አላየሁም። ቤትዎ ውስጥ የመኪና ወሬ የማይሰለቸው ልጅ ወይም የትዳር አጋር ካለ ደግሞ፣ ይህን ካነበቡ በኋላ እራት ላይ በሚነሣው ክርክር እርስዎም የሚሉት አያጡም።

ወናፍ የተገጠመለት ሞተር

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ሞተር በመሠረቱ አየርና ነዳጅ ተቀላቅለው የሚነዱበት ምድጃ ነው። ብዙ ጉልበት ከፈለጉ ብዙ ነዳጅ ማንደድ አለብዎት። ብዙ ነዳጅ እንዲነድ ደግሞ ብዙ አየር ያስፈልጋል። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ምድጃውን ማስፋት፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ማብዛት ወይም ማተለቅ ነው። ሁለተኛው ምድጃውን ሳያሰፉ አየሩን በግፊት ማስገባት ነው። ቡና ሲፈላ ከሰሉን በማራገቢያ እንደምናቀጣጥለው፣ አንጥረኛም እሳቱን በወናፍ እንደሚያነቃው ማለት ነው።

ቱርቦ የሞተር ወናፍ ነው። ብልሃቱ ደግሞ ወናፉን የሚያንቀሳቅሰው ራሱ ጢሱ መሆኑ ነው። ተቃጥሎ በማርሚታ በኩል ሊወጣ የነበረው ጋዝ፣ መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ ተርባይን ያሽከረክራል። ከእሷ ጋር በአንድ ዘንግ የተያያዘችው ሌላዋ መዘውር ንጹሕ አየር አምቃ ወደ ሲሊንደሮቹ ትገፋለች። ይህች ዕቃ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ልትሽከረከር ትችላለች። በዚህ መንገድ ይባክን ከነበረው ጉልበት ከፊሉ ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል፤ ትንሹ ሞተርም የትልቁን ያህል መሥራት ይችላል።

ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው

ቱርቦ የትናንት ግኝት እንዳይመስልዎ። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1905 ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለገበያ በቀረቡ የቤት መኪኖች ላይ በ1962 በአሜሪካ ታየ፤ ኦልድስሞቢል ጄትፋየር እና ሸቭሮሌ ኮርቬር ላይ። ፖርሼ በ1974 የ911 ቱርቦን ሲያስተዋውቅ ደግሞ «ቱርቦ» የሚለው ቃል በልጆች ክፍል ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስም ሆነ። ፌራሪም ቢሆን የሚወደሰው ኤፍ40፣ በ1987 የወጣው፣ ባለ ሁለት ቱርቦ እና ከ3 ሊትር በታች የሆነ ሞተር ነው ያለው።

ታዲያ ያን ጊዜ የተወደደው ቱርቦ በኋላ ለምን ተጠላ? መልሱ የመጣበት መንገድ ላይ ነው። በኤፍ40 ዘመን ቱርቦ ተጨማሪ ነገር ነበር፤ አስፈሪ ጉልበት ለሚሹ ጥቂት ደፋሮች የተሰጠ ቅመም። ጠባዩም ክፉ ነበር። ነዳጁን ሲረግጡ ለቅጽበት ምንም የለም፤ ተርባይኗ ፍጥነት እስክትይዝ መጠበቅ ነው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ያለችውን ዝምታ ያስቡ። ከዚያ በኋላ ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ መታጠፊያ ላይ ከመጣ ደግሞ ሾፌሩን ጉድ ይሠራዋል። አፍቃሪው ይህን ሁሉ ፈልጎ ነበር የገዛው። ከ2010 ወዲህ የመጣው ቱርቦ ግን የሚወዱትን ሞተር አንሥቶ በቦታው የተቀመጠ ምትክ ሆነ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ለምን?

አምራቾቹ ይህን ያደረጉት ሰው ለማስከፋት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 ባወጣው ሕግ፣ አንድ አምራች የሚሸጣቸው አዳዲስ መኪኖች በአማካይ በኪሎ ሜትር የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ2015 ከ130 ግራም እንዳይበልጥ ተወሰነ። ቀጥሎ የመጣው ግብ 95 ግራም ነበር። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ከተመደበለት ገደብ ላለፈ አምራች ቅጣቱ በአንድ ግራም በአንድ መኪና 95 ዩሮ ሆነ። ለአነስተኛ አምራቾች ልዩ አሠራር ቢኖርም ለትልልቆቹ ሒሳቡ ከባድ ነው። በዓመት አንድ ሚሊዮን መኪና የሚሸጥ ድርጅት በአንድ ግራም ብቻ ቢያልፍ 95 ሚሊዮን ዩሮ ይከፍላል።

ትንሽ ሞተር በዝግታ ሲነዳ ትንሽ ነዳጅ ይበቃዋል፤ የቤተ ሙከራው ፈተናም በአብዛኛው የሚለካው ረጋ ያለውን አነዳድ ነው። ቱርቦው ጉልበቱን የሚያወጣው ሲረገጥ ነው። በሙሉ ጉልበት ሲነዳ ግን ትንሹም ሞተር ነዳጅ ይጠጣል፤ ለዚህም ነው ብዙ ባለቤቶች ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር መንገድ ላይ አላገኘነውም የሚሉት።

መንግሥት ሕግ ሲያወጣ የሞተር መጠን እንደሚለወጥ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ጣሊያን ከ2 ሊትር በላይ በሆኑ ሞተሮች ላይ ከባድ ግብር ስለጣለች፣ ፌራሪ ራሱ በ1982 ለሀገሩ ገበያ 208 የተባለ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ መኪና ሠርቷል። እኛም ሀገር የኤክሳይስ ታክሱ እርከን በሲሲ መከፋፈሉን መኪና ለመግዛት የዞረ ሁሉ ያውቀዋል። 1,300 እና 1,800 የሚሉት ቁጥሮች ስንቱን ቤተሰብ ምርጫውን አስቀይረውታል!

ቁጥሩ ሲያድግ ፊት ሲጠቁር

እስቲ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ቢኤምደብሊው ኤም3 ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 4 ሊትር፣ 420 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በ2014 የመጣው ተተኪ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 3 ሊትር ቱርቦ ሆኖ 431 የፈረስ ጉልበት አወጣ። በ2015 ፌራሪ 458ን በ488 ሲተካ ሞተሩ ከ4.5 ወደ 3.9 ሊትር አነሰ፤ ጉልበቱ ግን ከ570 ወደ 670 ዘለለ። በዚያው ዓመት የፖርሼ 911 ካሬራ ከ3.4 ወደ 3 ሊትር ወርዶ ከ350 ወደ 370 ወጣ።

ትልቁ ጩኸት የተነሣው ግን በ2016 በፖርሼ ካይማን እና ቦክስተር ላይ ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 2.7 ሊትር ሞተር ወጥቶ ባለ አራት ሲሊንደር 2 ሊትር ቱርቦ ገባ። የካይማን ጉልበት ከ275 ወደ 300 ከፍ አለ፤ ፍጥነቱም ጨመረ። ኩባንያው «718» የሚል ስም ሰጠው፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ በሲሲሊ ተራሮች ታርጋ ፍሎሪዮ ውድድር ላይ ያሸነፈውን ባለ አራት ሲሊንደር መኪናውን ለማስታወስ። እንደ ማርኬቲንግ ሰው ስመለከተው ብልህ ሐሳብ ነው፤ «አራት ሲሊንደር ውርደት አይደለም፣ ታሪካችን ነው» ማለታቸው ነበር። ገዢው ግን ታሪኩን ሰምቶ፣ ቁልፉን አዙሮ፣ ድምፁን ሲያዳምጥ «ይኼ ፖርሼ ነው?» አለ። መሪው ግሩም ነው፣ ፍሬኑ ግሩም ነው፣ መታጠፊያ ላይ ተወዳዳሪ የለውም እያሉ ያመሰገኑት ሰዎች እንኳ ድምፁ ላይ ሲደርሱ ምስጋናውን ገታ አደረጉ። ከሱባሩ ጋር ያመሳሰሉትም ነበሩ።

ቀደም ብሎ በ2011 ቢኤምደብሊው ኤም5 ላይ የሆነው ደግሞ ፈገግ ያሰኛል። ባለ ዐሥር ሲሊንደሩ ሞተር በባለ ስምንት ቱርቦ ተተካ። ቱርቦው ድምፁን ስላፈነው ኩባንያው የሞተሩን ድምፅ በመኪናው ድምፅ ማጉያ በኩል ወደ ውስጥ ማሰማት ጀመረ። አፍቃሪዎቹ ይህን ሲያውቁ በሠርግ ላይ ዘፋኙ አፉን ብቻ እያንቀሳቀሰ በካሴት ያዘፈነባቸው ያህል ተቆጡ።

በ2014 ፎርሙላ አንድ ከባለ ስምንት ሲሊንደር 2.4 ሊትር ወደ ባለ ስድስት 1.6 ሊትር ቱርቦ ሲሻገርም የመጀመሪያው ቅሬታ የድምፅ ነበር። የአውስትራሊያ ውድድር አዘጋጆች ሳይቀሩ ተመልካች የከፈለው ለዚያ ነጎድጓድም ነው ብለው አማረሩ።

ድምፅ እንዴት ይህን ያህል?

«ድምፅ ምን ያደርጋል? ዋናው መድረስ ነው» የሚሉ ካሉ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን የአፍቃሪው ቅሬታ ከስሜት ያለፈ ምክንያት አለው።

የመኪና ሞተር አንድ ጊዜ ሲዞር ባለ አራት ሲሊንደሩ ሁለት ጊዜ፣ ባለ ስድስቱ ሦስት ጊዜ፣ ባለ ስምንቱ አራት ጊዜ ይመታል። ሁለት ሰው የሚመታው ከበሮና አራት ሰው የሚመታው ከበሮ አንድ እንደማይሆን ሁሉ፣ የሞተሮቹም ዜማ ይለያያል። በዚያ ላይ ጢሱ በተርባይኗ በኩል ሲያልፍ ኃይሉን ስለሚያስረክብ ድምፁ ደብዝዞ ይወጣል። ቱርቦ የሌለው የድሮ ሞተር ደግሞ ጉልበቱ ቀስ በቀስ እየጨመረ፣ ድምፁም አብሮት እየቀጠነና እየጋለ እስከ ጫፍ ይወጣል፤ ፌራሪ 458 በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር ይደርስ ነበር። ሾፌሩ ዳሽቦርዱን ሳያይ ማርሽ የሚቀይርበትን ጊዜ በጆሮው ያውቃል። እግሩ የረገጠውን ያህል ወዲያው ያገኛል። ቱርቦው ጉልበቱን ከታች ጀምሮ በብዛት ስለሚሰጥ ወደ ጫፍ የመውጣት ምክንያቱም ይቀንሳል።

እዚህ ላይ በትምህርት ቤት የተማርነው አንድ ነገር ይመጣል። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ባሳተሙት ዝነኛ ጥናት እንዳሳዩት፣ ሰው ያጣው ነገር ካገኘው እኩያ ነገር በላይ ይከብደዋል። ሃያ አምስት የፈረስ ጉልበት የተጨመረለት ሰው፣ የተወሰደበትን ድምፅ ነው የሚቆጥረው። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ተረታችንም ይህንኑ ያውቃል።

ኩባንያዎቹ ምን መለሱ?

ፖርሼ አዳመጠ። ቱርቦውን ሳይሰርዝ በ2019 ለካይማን ጂቲ4 እና ለ718 ስፓይደር፣ በ2020 ደግሞ ለጂቲኤስ ቱርቦ የሌለው ባለ ስድስት ሲሊንደር 4 ሊትር ሞተር መልሶ አቀረበ። በ911 ቤተሰብም ጂቲ3 እስከ 9,000 ዙር የሚወጣውን ሞተሩን እንደያዘ ቀጠለ። ፎርድ ደግሞ በ2015 ማስታንግ ላይ ባለ አራት ሲሊንደር 2.3 ሊትር ቱርቦ ሲያስገባ፣ ባለ ስምንቱን አጠገቡ አስቀምጦ ምርጫውን ለገዢው ተወ። ደንበኛ የሚወዱትን ነገር ሳይነጥቁት አዲሱን ሲያቀርቡለት ልቡ ይሰፋል።

መርሴዲስ ኤኤምጂ በ2022 የመረጠው ሌላ መንገድ ነበር። ሲ63 በባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሩ የታወቀ መኪና ነው። አዲሱ ባለ አራት ሲሊንደር 2 ሊትር ቱርቦና የኤሌክትሪክ ሞተር ይዞ መጣ። ትንሹ ሞተር ብቻውን 476 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ይህ የቀድሞው መደበኛ ሲ63 ባለ ስምንት ሲሊንደር የነበረው ቁጥር ነው! ከኤሌክትሪኩ ጋር ሲደመር 680 ደረሰ። ለመሐንዲስ ይህ ተአምር ነው። ገዢው ግን ከ2,100 ኪሎ በላይ የሆነውን ክብደትና የጠፋውን ጉርምርምታ አስቀድሞ አየ። ባለ ስምንቱን አጠገቡ ስላላገኘም ቅሬታው በረታ።

ያልተከፉትም ብዙ ናቸው

ሁሉም አፍቃሪ አለቀሰ ብንል ግን ሐሰት ነው። የፌራሪ ባለ ስምንት ሲሊንደር ቱርቦ ሞተር ከ2016 እስከ 2019 በተከታታይ አራት ዓመት የዓለም አቀፉን የዓመቱ ምርጥ ሞተር ሽልማት ወስዷል። ቶዮታ በ2020 ያወጣው ጂአር ያሪስ ደግሞ ባለ ሦስት ሲሊንደር 1.6 ሊትር ቱርቦ ይዞ ከ250 በላይ የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ አፍቃሪዎቹም በዕልልታ ነው የተቀበሉት። ለምን? ከማንም ቦታ ምንም አልቀማም። ትንሽነቱ ከመጀመሪያው ጠባዩ ነበር። የሚገርመው፣ ያው ቶዮታ ጂአር86 የተባለውን መኪናውን ሲያሻሽል ብዙዎች ቱርቦ ሲጠብቁ ሞተሩን ከ2 ወደ 2.4 ሊትር አሳድጎ ያለ ቱርቦ ተወው። አንድ ኩባንያ ለሁለት ዓይነት ደንበኛ ሁለት መልስ ሰጠ።

ለዕለት ተዕለት አነዳድም ቱርቦ ጥቅም አለው። ጉልበቱን ከዝቅተኛ ዙር ስለሚሰጥ በከተማ መንገድ ሲቀድሙም ሆነ ዳገት ሲወጡ ሞተሩን ማስጮህ አያስፈልግም።

ከፍታ ላይ ለምንኖር ለእኛ

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለአዲስ አበባ ሰው ልዩ ትርጉም አለው። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ያጣል ማለት ነው። ቤተሰቡን ሙሉ ጭኖ ወደ እንጦጦ የወጣ ትንሽ መኪና ለምን እንደሚያቃስት አሁን ገባዎት? ቱርቦ ግን ሳሳ ያለውን አየር አምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ጉልበት ይመልሳል። በ1918 የጄኔራል ኤሌክትሪኩ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ የአውሮፕላን ሞተርና ቱርቦ ጭኖ 4,300 ሜትር ወደሚደርሰው የኮሎራዶ ፓይክስ ፒክ ተራራ የወጣው ይህንኑ ለማሳየት ነበር።

ቱርቦ ያለው መኪና ካለዎት ወይም አሮጌ ሊገዙ ከሆነ እነዚህን ልብ ይበሉ፦

• የሞተር ዘይት በጊዜው ይቀየር፤ አምራቹ ያዘዘው ዓይነትም ይሁን። የተርባይኗ ዘንግ የሚኖረው በዘይት ነው።
• ረጅም ዳገት ወይም ፈጣን መንገድ ነድተው ሲያበቁ ሞተሩን ወዲያው አያጥፉ። አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይሥራና ይቀዝቅዝ።
• ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ነዳጁን አጥብቀው አይርገጡ።
• የአየር ማጣሪያውን በአቧራማ መንገድ ከነዱ ቶሎ ቶሎ ያስፈትሹ።
• ሲገዙ ሰማያዊ ጢስ፣ የፉጨት ድምፅ ወይም ዳገት ላይ የጉልበት ማነስ ካዩ፣ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት የሚያምኑት መካኒክ ይመልከተው።

ከለቅሶው በኋላ

የቱርቦው ክርክር ገና ሳይበርድ የባሰው ዝምታ መጣ፤ ኤሌክትሪክ መኪና። እኛም ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በየሰፈሩ የምናየው ነው። ዝምታውም የራሱ ጣጣ አለው። አውሮፓ አዳዲስ ኤሌክትሪክ መኪኖች በዝግታ ሲሄዱ እግረኛ የሚሰማው ድምፅ እንዲያሰሙ በሕግ ያስገደደው በዚህ ምክንያት ነው። እርስዎም ልጆችዎን መንገድ ሲያሻግሩ በጆሮ ብቻ መተማመን እንደማይበቃ ያስተምሯቸው።

አፍቃሪዎቹስ? በ2023 ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን የተባለ ኤሌክትሪክ መኪና አወጣ። የሞተር ድምፅ በድምፅ ማጉያ ያሰማል፣ የሌለውን ማርሽ እንደሚቀይር ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ኤም5ን «ካሴት ነው» ብለው ካወገዙት መካከል ስንቱ ይሆን ይህንን ነድቶ እየሳቀ የወረደው! ልዩነቱ አንድ ነው፦ ሃዩንዳይ ማስመሰሉን አልደበቀም፤ ያልፈለገው ሰው ያጠፋዋል።

ሕጉ ሊቀየር፣ ሞተሩም ሊያንስ ይችላል። ደንበኛውን በግልጽ ነግሮ ምርጫ የሰጠው ኩባንያ ግን ከለቅሶው አትርፎ ወጥቷል። ቀጣዩን የቤተሰብ መኪናዎን ሲመርጡም ወረቀቱን ካነበቡ በኋላ ወረቀቱን አስቀምጠው ይንዱት፤ ከነልጆችዎ፣ ዳገት ላይ፣ ሬዲዮውን ዘግተው።